ካቦው ያስተማረበት ሰሞን

ምትክ አስተማሪ የሚባል ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ ያውም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ። አስተማሪዎቻችንን ኮሮና ሲጥላቸው፣ ተተኪ ካልተገኘ የሐበሻው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሆነ። ልጆቹ ደግሞ ዐረብኛው እየበላቸው ነው፤ የልጅ ልጄ እንኳ «ሀቦባ» እንጂ «አያቴ» አትለኝም።

«ፊደል የቆጠረ ማንም ይምጣ!» ተባለና የሰሊጥ አጫጆች ካቦ የነበረው ሞላ መጣ። ፊደሉን እንደ ማሳ መስመር መስመር አድርጎ አከፋፈላቸው። «ቀድሞ የጨረሰ ዞሮ የቀረውን ያግዝ! ሁሉም መስመሩን ጨርሶ ሳይወጣ ምሳ የለም!» ይላል። ልጆቹ በአጨዳ ዜማ ሲቀበሉት ጎረቤቶቻችን ሠርግ መስሏቸው እልል አሉ። እኔማ በር ላይ ተቀምጬ፣ የልጅነቴ መተማ ውስጥ ነበርኩ።

ከታመሙት አስተማሪዎች አንዱ ድኖ ሲመለስ ፈተና ሰጠ። የልጅ ልጄን «አያቴ ብለሽ ጻፊ» አላት። «አያ» ብላ ጽፋ ቆመች። ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ «ቴ! ቴ!» እያለ ከበባት።

«ተቀመጡ! ይሄ ኩረጃ ነው!»

«እኛማ ጨርሰናል ቲቸር፣ እሷን ልናወጣት ነው እንጂ!»

እኔ ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ኩረጃን አላውቀውም። በእኛ ቀዬ ስሙ ደቦ ነበር።