ወንበር ሳይነቀንቅ የማይቀመጥ ሰው

ወንበር ሳይነቀንቅ የማይቀመጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የወለደኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አባቴ ይመር ከወሎ ድንጋያማ አገር መጥቶ ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር የሰፈረ ገበሬ ነበር፤ የዚህን አገር ጭቃ እስከ ዕለተ ሞቱ አላመነውም።

ጎረቤታችን ኡጁሉ ልጁን ሲድር ለአባቴ የክብር ወንበር ተሰጠው። ያዘና ሳበው፣ ገፋው፣ ደግሞ መሬቱን በተረከዙ ደበደበው። ሙሽሮቹ ቆመው ጠበቁ፤ መዝሙሩም ተቋረጠ።

«አባባ ይመር፣ ወንበሩ ምን በደለህ?» አለ ኡጁሉ።

«ይችለኝ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

በመጨረሻ ተቀመጠ። ምን ዋጋ አለው፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ኳስ አክሎ።

ልጄ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ይህን ሳወራላት ሳቀች። «የሰውነታችን ሴልም እንደዚያው ነው አባዬ። ያረፈበትን ነገር ቆንጥጦ ይስበዋል። ጠንካራ ሲሆንለት ይዘረጋል፤ ሲለሰልስበት ይኮማተራል። ለስላሳ ላይ ካልሆነ የማይዘረጋም አለ።»

ታዲያ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተኮማትሮ ኖረ ማለት ነው?

አምና እሱ ሲናፍቀው የኖረውን ድንጋይ ላይለት ወሎ ሄድኩ። ዘመዶቼ የድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጥ አሉኝ። በተረከዜ መታ መታ አደረግሁት፤ ከዚያ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።

«ቁርጥ አባቱን» ተባባሉ ደስ ብሏቸው። እኔን ግን የናፈቀኝ የባሮ ጭቃ ነበር።