እትዬ ግን እና አንቀጽ ስምንት

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ እትዬ ግን አይጠፉም። ሰብሳቢው «ሌላ አስተያየት ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ሰውም ቦርሳውን አንግቶ ከወንበሩ ሲነሳ፣ ከኋላ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትወጣለች። «መልካም ነው፤ ግን…» ይላሉ። አዳራሹ በረጅሙ ተንፍሶ ተመልሶ ይቀመጣል።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ግን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ናቸው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስለ አዲሱ ቧንቧ አንድ ሰዓት ሙሉ ካብራራ በኋላ፣ «ግን ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ላብ በላብ አድርገውታል። ሐኪም «ደህና ነዎት» ቢላቸው እንኳ «ግን ለምን ያመኛል?» ሳይሉ አይወጡም።

ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ የሕግ ባለሙያ ናት። ሁለት ዓመት የደከመችበትን የጾታ እኩልነት ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ የምታቀርብበት ቀን ሲደርስ፣ አክስቷን ፈርታ ሳትነግራቸው ቀረች። እሳቸው ከማስታወቂያ ሰሌዳ አንብበው መጡ።

«አንቀጽ ስምንት» ብላ አነበበች ልጅቱ፤ «በአንድ የሥራ መደብ ላይ ያሉ ሴትና ወንድ እኩል ደመወዝ ያገኛሉ።» ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ያቺ እጅ ወጣች። ልጅቱ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«መልካም ነው፤ ግን እኛ ጋ ማጠቢያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ወንዶች መደባቸው ‹ኦፕሬተር› ነው። ያንኑ ማሽን የምናንቀሳቅስ ሴቶች ‹ረዳት› እንባላለን። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ረዳት ነኝ። ሦስት ኦፕሬተር ያሠለጠንኩት ራሴ ነኝ። መደባችን አንድ ስላልሆነ ይሄ አንቀጽ እኛን አያውቀንም ማለት ነው?»

ከፊት አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው፣ የልጅቱ አለቃ፣ «እናቴ፣ የግል ጉዳይዎን ለቢሮ ያቅርቡ» አላቸው።

ልጅቱ ወረቀቱን አየችው። መቶ ጊዜ አንብባዋለች። ለካ አሠሪ ከሕጉ ለማምለጥ የሚያስፈልገው የመደብ ስም መቀየር ብቻ ነው። ማይክሮፎኑን ሳበች።

«የግል ጉዳይ አይደለም» አለች። «አንቀጹ ጎዶሎ ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

አለቃዋ ፊቱ ጠቆረ።

አብረው ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ ልጅቱ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት! ለምን አልነገሩኝም?»

«ትጽፊ ነበራ። ስለ ሴቶች ነው ስትዪኝ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ የክፍልሽን በር ዘጋሁልሽ።»

አንቀጹ ይስተካከል ስትለው፣ አለቃዋ ለሦስት ሳምንት «ረቂቁ አልቋል» እያለ ሲገፋት ቆይቶ፣ «እስቲ ማስረጃ አምጪ» አላት። በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ማጠቢያ ክፍሉ ገባች። በረኪናው ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ እየጮኸች፣ ረዳቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ደብተሯ አለቀ። የሚነግሯት ሴቶች ገና በር ላይ ተሰልፈዋል።

እትዬ ግን የፈረቃ ሰሌዳውን ወረቀት ከግድግዳ ነቅለው ባዶ ጀርባውን አዞሩላት።

«ጻፊ፤ ገና ነን» አሏት።