ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

ይህ ታሪክ መተረክ ይገባዋል? እኔ እንጃ። የምግብ አሠራር ከስልክ ላይ የሚማር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሞጣ ያለችው እህቴ አንዷ ናት። ምግብ ቤት ለመክፈት የቀራት የአባታችን ምርቃት ብቻ ስለነበር፣ ዶሮ ከትፋ ከአይብ ጋር በሊጥ ሸፍና ጋገረችና “ካልዞኔ የሚባል ዶሮ ነው” ብላ አቀረበችላቸው።

አባባ ቢቸና ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ዳቦውን አገላብጠው አዩት።

“ዶሮ ያለ ብልት? የአባወራው ፈረሰኛ የት ሄደ?” ብለው ሊነሱ ሲሉ፣

“አባባ፣ እባክዎ ይቁረሱት” አለች።

ቆርሰው አኘኩ።

“አንቺ! ሰሙ ዳቦ፣ ወርቁ ዶሮ! ይህማ ቅኔ ነው” ብለው መረቋት።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪው እንዲህ ያለ ትንታኔ ሰምቼ አላውቅም! ከዚያ ወዲያ ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ “ያን ቅኔ ጋግሪልኝ” ይሏት ጀመር። እህቴ እፎይ ያለችው ኅዳር ዐሥራ አምስት፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ነው።