ስልቻው ሳይፈታ ሁዳዴ ደረሰ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ደህና ቤት እያለው፣ ግድግዳው ተመርጎ፣ መደቡ ተስተካክሎ፣ ምድጃው ሞቆ፣ ያን ሁሉ ዘግቶ ሰማይ በሚያሳይ ጎጆ ውስጥ ለመሰንበት የሚጓጓው ለምንድን ነው? እኔ እስካሁን አልገባኝም። ግን በየዓመቱ እጓጓለሁ። እናንተም ትጓጓላችሁ፤ አትደብቁኝ።

እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች ደግሞ ሰበብ አናጣም። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጉልበት ይይዛል። ጉልበት ሲያዝ ፍል ውኃ ይታዘዛል። ፍል ውኃው ያለው ወረድ ብሎ ጉማራ ወንዝ ዳር፣ ዋንዛዬ ነው። ከሐሙሲት ገበያ ብዙም አይርቅም። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጦጣው ሰው አይፈራም፤ ውኃው ከመሬት እየፈላ ይወጣል። በዛፎቹ መካከል የተበታተኑ ጎጆዎች አሉ። ጎጆ ስላችሁ ጎጆ እንዳይመስላችሁ። አራት ባላ ተተክሎ ጭራሮ የተደገፈበት ነገር ነው። እነሱን የሚጠብቁት አባ ገብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከማን እንደሚጠብቋቸው ግን አንድም ሰው አያውቅም።

ታዲያ ያን ዓመት የታመሙት አማቴ ናቸው፤ እሜቴ ጥሩነሽ። ጉልበታቸው ከመያዙ የተነሳ ቆመው ማስቀደስ አቃታቸው። እሜቴ ደግሞ ቅዳሴ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴት ነበሩ። አሁን እሳቸው ተቀምጠው ሌላው ፊቱን ሲያዞር ማየቱ ከሕመሙ ይልቅ ጎዳቸው። እኔ እወስድዎታለሁ አልኋቸው። እሳቸውም ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ።

ለምን እንዳዩኝ ልንገራችሁ። እሜቴ ስለ እኔ ያላቸው አስተያየት አንድ ነው፦ «ነገ የሚል ሰው» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ቤታቸውን ልከድንላቸው ቃል ገብቼ ዝናቡ ቀደመኝ። ክረምቱን ሙሉ ከአልጋቸው ሥር ገበቴ ደቅነው አሳለፉ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስሜ ይነሳል። በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ መቼ ያጥራል?

እናም እኔ እየሰማሁ ለልጃቸው፣ ማለትም ለሚስቴ ለየሺ፣ እንዲህ አሏት፦ «እስቲ ይህን ሰው አንድ ጊዜ ልየው። ይኸም እንደ ክዳኑ ከሆነ ግን፣ ልጆችሽን ይዘሽ ከእኔው ጋር ትገቢያለሽ።»

የሺ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በእኛ ዘንድ ፍቺ ማለት ሽማግሌ ተቀምጦ ከብት ማካፈል ነው፤ ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ ያልቃል። እሜቴም በቀልድ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። እኔ ደግሞ የሺን እወዳታለሁ። ይህን ለሰው አይናገሩም፤ እናንተ ወዳጆቼ ስለሆናችሁ ነገርኋችሁ።

ስለዚህ ማሰናዳት ጀመርሁ። ሴት እጇን እንዳታስገባ አልሁ። ስንቁን እኔ፣ ጭነቱን እኔ፣ መንገዱን እኔ! የሺ «ይሁን» አለች። ከእሷ አፍ «ይሁን» ስትወጣ መፍራት ነበረብኝ፤ አልፈራሁም።

መጀመሪያ ጎጆ መያዝ ነበረበት። ሐሙሲት ለሚወርድ ነጋዴ፣ ለአባ ገብሬ ንገርልኝ ብዬ ላክሁ። መልሱ በሌላ ገበያተኛ አፍ መጣ፦ ጎጆው አለ። ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ የመልሱ ቀሪ መጣ፦ ክዳን ግን የለውም፣ ሣር ይዛችሁ ኑ። እግዜር ያሳያችሁ! ሰው ሊያርፍ ሲሄድ ጣራውን ተሸክሞ ይሄዳል?

ከዚያ ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ከሰማ ምክር ይመጣል። አንዱ ጅብ አለ፣ ጦር ያዝ አለኝ። አንዱ ጦጣ አለ፣ ወንጭፍ ያዝ አለኝ። አንዲት ሴት ደግሞ ፍል ውኃ ገብቶ የወጣ ሰው ቅባት ካላገኘ ውኃው አጥንቱን ይበላዋል ብላ አስደነገጠችኝ። ይህችን ምክር ያዝሁ። ጊዜው የነነዌ ጾም እንዳለቀ ነበር፤ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ያለችው ያች የጥጋብ ወቅት። እሷን ፍል ውኃ ዳር እንጨርሳታለን፣ ለጾሙ ቤታችን እንገባለን አልሁ። ስንቁን ለዚያው አሰናዳሁ። ቋንጣ በስልቻ። ቅቤ በቅል። በሶውን እንኳ ደረቁን አልተውሁትም፤ በቅቤ አሳሸሁት። ሙክት በግ ገዛሁ። ትልቋ ልጄ ዶሮዬን ካልያዝሁ አልሄድም ብላ አለቀሰች፤ ትያዝ አልሁ። የስልቻዎቹን አፍ በጠፍር ጥፍር አድርጌ አሰርሁና ከጓዳው ጥግ ደረደርኋቸው።

የቀረችው በቅሎ ናት። አያ ቢሻው የሚባል ጎረቤቴ በቅሎውን ሊያውሰኝ ቃል ገብቶ ነበር። ልነሳ ስል በቅሎዋ የለችም። ጋፋት፣ ፈረንጆቹ ለንጉሡ ብረት ከሚያቀልጡበት፣ ከሰል እንድታመላልስ ተወስዳለች። የንጉሥ ሥራ ነው፤ ማን ምን ይላል? ጠበቅሁ። ከሰሉ አያልቅም፤ የፈረንጅ እሳት አይጠግብም። በመጨረሻ በቅሎዋ መጣች፤ ጀርባዋ ተልጦ። እስኪያገግም ደግሞ ጠበቅሁ። ማታ ማታ እየገባሁ ስልቻዎቹን መታ መታ አደርጋቸዋለሁ። እንዳሰርኋቸው ናቸው። ደስ ይለኛል።

እሜቴም ማታ ማታ «ነገ ነው?» ብለው ይልካሉ። እኔም «ነገ ነው» እላለሁ።

በመጨረሻ ዓርብ ዕለት ወጣን። እሜቴ በቅሎ ላይ፣ ስልቻው አህያ ላይ፣ ሣሩ ሁለተኛዋ አህያ ላይ። በጉ ይጎተታል፣ ዶሮዋ ትጮሃለች፣ ልጆቹ ይዘላሉ። ቁልቁለቱን ስንወርድ እሜቴ ሣር የተሸከመችውን አህያ ከኋላ ሲያዩዋት ቆዩና፣ ይህ ሣር ወዴት ነው አሉኝ።

«ለጎጆው ክዳን ነው፣ እሜቴ።»

«ለማን ጎጆ?»

«ለፍል ውኃው ጎጆ።»

ቁልቁለቱን ወርደን እስክንጨርስ ዓይናቸውን ከሣሩ አልነቀሉም። ከዚያ «ፍል ውኃው ዕድለኛ ነው» አሉ።

ያን ቀን የመሸብን አንድ ገበሬ ቤት ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሽሮውን ጠላውን አቀረበልን። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋንዛዬ ገባን። ወዲያው ሽቅብ ወጣሁና ጎጆውን ከደንሁት። እሜቴ መሬት ላይ ተጋድመው ጣራውን ሲመረምሩ ቆዩ። ምንም አልተናገሩም። ከእሳቸው አፍ ምንም ካልወጣ ምስጋና ነው። በልቤ፣ አገሩን ያዝሁት አልሁ።

እሑድ ጠዋት እሜቴ ውኃው ገብተው ወጡ። ፊታቸው ወዝ ጠጥቶ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጎጆው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰውነታቸው ቀለል ሳይላቸው አልቀረም፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። «እንግዲህ ዛሬ ቅበላ ነው» አሉ። «ለነገ ለጾሙ ምን ሽሮ ይዘሃል?»

ወደ ስልቻዎቹ ዞርሁ።

ሁዳዴ ሰኞ እንደሚገባ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን አለ? ዐውቃለሁ። ግን ስልቻዎቹን ያሰርኋቸው በቅሎዋ ጋፋት ሳትወሰድ ነው። ጊዜው ሄደ፤ ስልቻው አልሄደም። እኔም የታሰረውን ብድግ አድርጌ ጫንሁ። ያለሁት ከቤቴ የአንድ ቀን ከግማሽ መንገድ ወርጄ፣ ሕመምተኛ ይዤ፣ ልጆች ይዤ፣ ከነገ ጀምሮ በአፋችን የማይዞር ምግብ ተሸክሜ ነው። ገበያ ደግሞ እስከ ሐሙስ የለም።

ምናልባት ረስቼው ይሆናል ብዬ የመጀመሪያውን ፈታሁ። ቋንጣ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ቋንጣ። የበሶውን ስፈታ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የቅቤው ሽታ ገና ከሩቅ ሰላም አለኝ። ለጾም የሚሆን ያገኘሁት ጨውና በርበሬ ብቻ ነው። ከኋላዬ በጉ ባ አለ። የሺ አንድ ጊዜ ስልቻውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። እሜቴ ወደ ልጃቸው ዞረው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደሆነ ዐውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ።

እንዲያ እንዳደርግ ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ብድግ ብዬ ከጎጆዎቹ መሐል ቆምሁና እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኽሁ።

«ሕመምተኛውም፣ አስታማሚውም ስማ! እሜቴ ጥሩነሽ ለቅበላ ጠርተዋችኋል! ዛሬ በየጎጆው እሳት የሚያነድ የለም!»

እሜቴ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ሰዉ ወጣ። አቤት የወጣው ሰው! ዓይኑን የታመመ ዲያቆን፣ ወገቡን የያዘው የፎገራ ገበሬ፣ ከይፋግ በልጆቿ ታዝላ የመጣች ባልቴት። ብዙዎቹ ብዙ ሰንብተዋል፤ ይዘውት የመጡት ሥጋና ቅቤ አልቆ የቀራቸው ሽሮና ክክ ነበር። ቅበላን እንዲሁ በደረቁ ሊያሳልፉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እኛ ደግሞ በጉን ጣልነው። ቋንጣው ተቀቀለ፣ ቅቤው ፈሰሰ፣ በሶው እንደ ጉድ ተቆረሰ። የይፋጓ ባልቴት ሳልቀምስ ሁዳዴ ሊገባብኝ ነው ብዬ ሆድ ብሶኝ ነበር እያለች አለቀሰች። አባ ገብሬ የፊተኛ ጥርስ የላቸውም፤ ያን ቀን ግን ጥርስ ካለው እኩል በሉ።

ከዚያ ተነሥተው መረቁ። ምርቃቱ ግን ለእኔ አይደለም፤ ለእሜቴ ነው። ጉልበትዎን ይፍታልዎ፣ ቤትዎን ይሙላልዎ፣ ልጅዎን ይባርክልዎ! እሜቴ ከድንጋዩ ላይ ቀና ብለው «አሜን፣ አሜን» አሉ። አልጠራኋችሁም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ሲመርቋቸው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ፤ የእኔም አቀረረ፣ በጭሱ አመካኘሁ።

ሰኞ ነጋ። አንድ ፍርፋሪ የለንም። የልጄ ዶሮ ብቻ እንቁላል ጥላ እንደ ባለ ድል ጮኸች፤ ሁላችንም እንቁላሉን አየነው፣ እሱም አየን። ጾም መግደፊያው እስኪደርስ ድረስ ቁጭ ብዬ ምን እንደማደርግ ሳብሰለስል፣ ዲያቆኑ በድስት ሽሮ ይዞ ከተፍ አለ። ከኋላው የፎገራው ገበሬ ክክ ይዞ። የባልቴቷ ልጆች ኑግ የተቀባ ቂጣ ይዘው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። እኛ እሳት እናንድ ብንል ተቆጡን! የሺ ከጋብቻችን ወዲህ እንደዚያን ሰሞን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ አታውቅም። እሜቴም ጠዋት ማታ ውኃው ይገባሉ።

ልንመለስ ስንል፣ እሑድ፣ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሜቴ ቆሙ። ይቀመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቀመጡም። ወንጌሉ ተነበበ፣ ቆመዋል። «በሰላም ግቡ» እስኪባል ቆመው አስቀደሱ። ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ፤ ለመደገፍ አይደለም፣ እንዲሁ ያዙኝ። የሺን ካገባሁ ጀምሮ «የየሺ ባል» ይሉኝ የነበሩት ሴት «ልጄ» አሉኝ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ አስበህበት ነው?»

«ለእርስዎ ምን ይመስልዎታል፣ እሜቴ?» አልኋቸው። ይህ ውሸት ነው? አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደብረ ታቦር ገባ። ለቅበላ ዋንዛዬ ሥጋ ይዞ የወረደ ሰው ጾሙን ሲጋበዝ ይሰነብታል ተባለ። እሜቴ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ፣ ዘዴው የልጄ ነው እያሉ ነገሩ። በዓመቱ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው ቀድመውኝ ወረዱ። እኔም ያንኑ ጥበቤን ልደግም በግ ገዛሁ፣ ቋንጣ አሰርሁ። በቅሎዋ ግን ያንኑ ሰሞን ጋፋት ተወሰደች። ስትመለስ ቅበላ ቤታችን ውስጥ አልፏል፣ በጉንም እዚያው በልተነዋል። የሺ አላስፈቀደችኝም፤ ስልቻዎቹን ሁሉ ፈትታ ሽሮ፣ ክክ፣ ኑግ፣ ተልባ ሞላችባቸውና ጫነች። እኔ መንገዱን ሁሉ አኩርፌ ወረድሁ። እሜቴ ምን ይሉኛል? ዘግይቼ፣ ያለ በግ፣ ባዶ እጄን!

ደረስን። ጎጆዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። ከየጎጆው ደጅ የበግ አጥንት ተከምሯል። ሰዉ ግን ከንፈሩ ደርቆ፣ እርስ በርሱ እየተያየ ተቀምጧል። ለካ ሁሉም የእኔን ዘዴ ሰምቶ ሥጋ ብቻ ይዞ መጥቷል፤ ሽሮውን ሌላው ያመጣል ብሎ! በዋንዛዬ ምድር አንድ እፍኝ ሽሮ ጠፍቷል። የእሜቴ ዘመዶች እሜቴን በክፉ ዓይን ያዩዋቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ሰብረው ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል።

የሺ የመጀመሪያውን ስልቻ አፍ ፈታ ስታደርግ የሽሮው ሽታ ወጣ። እሜቴ ብድግ አሉ። እንዴት ያለ አነሳስ! ጉልበት የሚባል ነገር ታመው የማያውቁ ይመስላሉ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«አላልኋችሁም?» አሉ። «ልጄ የሚዘገየው ዐውቆ ነው!»

የሺ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ስልቻውን ከእጇ ተቀበልሁና፣ እንደ ዐዋቂ ሰው ቀስ ብዬ አወረድሁት።