አልነግርሽም፤ ብቻ…

የወንጀል ልብ ወለድ የሚነበብበት ከተማ ሁሉ አንድ መጨረሻ ነጋሪ አለው። ከተማው የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ከዚህ ሰው አያመልጥም። ደሴ ደግሞ የደረሷት የሁሉም አለቃ ናቸው፦ ክቡር ጋሽ ዘይኑልአቢዲን፣ የፒያሳ ልብስ ሰፊ፣ የፊልምና የመጽሐፍ አማካሪ፣ የገዳዮች ሁሉ አጋላጭ።

ጋሽ ዘይኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቶ መገላገል ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «አረፍ በል» ብለው በርጩማ ይሰጡና፣ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ ምን ማየት፣ ምን ማንበብ እንዳለበት ይመክሩታል። «ፖሊሱ የሚያለቅስበት ፊልም አይታይም፤ ፖሊስ ካለቀሰ ደራሲው ቸግሮታል ማለት ነው» ይላሉ። «እስከ ገጽ አርባ ሰው ያልሞተበት መጽሐፍ የፍቅር ነው፤ ለእህትህ ስጣት» ይላሉ። ምክራቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ሰሚው ልቡ ሲነሳሳ ያቺ ነገር ትመጣለች፦ «መጨረሻውን አልነግርህም፤ ብቻ…» ከዚያች «ብቻ» በኋላ የተረፈ ገዳይ የለም።

የባንክ ሠራተኛው ወንድምአገኘሁ ለእረፍት ቀኑ ያስቀመጠውን ፊልም በፍላሽ ይዞ፣ በዚያው ሱሪውን ሊቀበል ጎራ አለ። ሱሪው ልክክ ብሎ ወጣለት። ፊልሙ ግን በርጩማው ላይ ቀረ። ባልየው ሚስቱን ገድሎ ጉድጓድ ውስጥ እንደጨመራት ካወቀ በኋላ ምን ብሎ ይየው?

ጣይባ ይህን በሰው አልሰማችም፤ በራሷ ደርሶባታል። ቤቷ ደሴ ነው፤ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ግን ኮምቦልቻ። ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ ልማዷ ነው። አንድ ጠዋት ቁልቁለቱን ሲወርዱ መጽሐፏ ላይ ተደፍታ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጠጋ አላት።

«እቴ፣ አትክልተኛውን መጠርጠር ምን አደከመሽ? ምስኪን ነው፣ ተይው። አክስትየዋ ናት።»

ጣይባ ክው አለች። ዞር ስትል ጋሽ ዘይኑ ናቸው፤ ጨርቅ ሊገዙ እየወረዱ። ፊቷን ሲያዩት እሳቸውም ደነገጡ፣ አዘኑም። «አብሽሪ» አሏት ሊያጽናኗት። «እንዴት እንደገደለችው እኮ አልነገርኩሽም።» ከዚያም ነገሯት።

እንግዲህ ይህች ጣይባ ራሷ የወንጀል ልብ ወለድ ጻፈች። የፈተና ወረቀት እያረመች፣ ወጥ እያማሰለች፣ እየሰረዘች እየደለዘች ጨረሰችው። አታሚ ተገኘ፣ የምረቃው ቀን ተቆረጠ። የቀረው ለዕለቱ የምትለብሰው ቀሚስ ነው፤ ረዝሞባታል። ባሏ ሙንዚር «እኔ አደርስልሻለሁ» አለና ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ፌስታሉ ውስጥ ቀሚሱ ነበረ። ከቀሚሱ ስር ደግሞ ለአታሚው የተዘጋጀው ረቂቅ፣ ከነመጨረሻው ምዕራፉ።

ጣይባ ረቂቁን ስታጣው ቤቱን ሁሉ አተራመሰች። ነገሩ የገባት አርብ ዕለት ነው።

«ፌስታሉን ለማን ሰጠኸው?» አለችው።

«ለጋሽ ዘይኑ ነዋ። ከእሳቸው የተሻለ ሰፊ አለ እንዴ?»

ያ መጽሐፍ የቆመው በአንድ ነገር ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አንባቢው እስከ መጨረሻው አለማወቁ። ያ ከተነገረ ማን ያነበዋል? የዓመታት ድካሟ በአንዲት «ብቻ» ሊያልቅ ነው። «ያ ጀሊል» እያለች፣ ፈጣሪዋን እየተማጸነች ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ፒያሳ ስትደርስ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ነበርና ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ፈንታሁን ግን ሲያያት መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ።

«መምህርት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጋሽ ዘይኑ ስለ መጽሐፍሽ ነግረውኛል። ያ ነርስ ግን ምን ዓይነት አረመኔ ነው ባክሽ? ታማሚውን በመርፌ ይገድላል?»

ተናግረዋል። አለቀላት። ቆይ ግን፣ ነርሱ? ነርሱ እኮ ገዳይ አይደለም።

ፋርማሲ የምትሠራው ጽናት ከመንገድ ማዶ ተሻግራ መጣች። «ለኔ የነገሩኝ ወንድሙ እንደሆነ ነው፤ ውርሱን ፈልጎ» አለች። ወንድሙም አይደለም። ጣይባን ያመጣት ባለባጃጅ ሳይቀር አንገቱን አውጥቶ «ደጋን ከተማ ያለው ነዳጅ ቀጂ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከራሳቸው አፍ ሰማሁ» አለ። ሦስቱ አስፋልቱ ዳር ተፋጠጡ። ማን ልክ እንደሆነ መጽሐፉ ሲወጣ ገዝተው ሊተያዩ ተዛዛቱ። ጣይባ ትናደድ ወይስ ትሳቅ ግራ ገባት።

ጋሽ ዘይኑ ከመስጊድ ተመልሰው ሱቁን ከፈቱ። ቀሚሱን አወጡላት፤ አጥሯል፣ ተተኩሷል። ቀጥለው ረቂቁን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ገለጠችው። ገጹ ሁሉ በጣት ታሽቷል። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አልገለጥ አላት። ዙሪያውን በሰማያዊ ክር በመኪና ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ከቀሚሷ ጠርዝ ይበልጥ ያምራል።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስምሽን ሳይ አላስቻለኝም፣ ማንበብ ጀመርኩ። ወላሂ ግሩም ነው ልጄ፣ ከገጽ አርባ በፊት ሰው ሞቷል። መጨረሻው ጋ ስደርስ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ካነበብኩ እናገራለሁ። የጂንስ መርፌ ቀየርኩና ሰፋሁት።»

«ታዲያ ለፈንታሁን ነርሱ ነው ያሉት?»

«ጠየቀኛ። ፒያሳ መሀል ቁጭ ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አላውቅም ልበል?»

ጣይባ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው። እኚህ ሰው የጀመሩትን ነገር መጨረሻ ሳያውቁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። ገዳዩ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ፣ መቀሱ ከጎኑ ተቀምጦ፣ አንዲት ክር አልበጠሱም። ዓይናቸው ስር ጠቁሯል። እዚያው ቆማ ወደደቻቸው፤ እንደ አባቷ ወደደቻቸው። አንጀቷንም በሏት። ከሰው ሁሉ በፊት እሳቸው ይወቁት ብላ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አልነግርዎትም ጋሽ ዘይኑ፤ ብቻ…»

ጋሽ ዘይኑ ክው አሉ። ያቺን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲሰጧት ኖሩ እንጂ አንድም ቀን ሰው ለእሳቸው ብሏት አያውቅም። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አላህን ፍሪ» አሉና መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን በሁለት እግራቸው ይረግጡት ጀመር። ጩኸቱ ሱቁን ሞላው፤ የጣይባ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የምትለው አይሰማም። ከመርፌው ስር ምንም ጨርቅ አልነበረም።