ሮዊና አማራጩን ሒሳብ የመረጠች ዕለት

[ሃሊፋክስ፤ ዳገቱ ላይ ተያይዘው ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ውስጥ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጭ ያካፋል። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ በከረሜላ የተሞላ ትልቅ ብልቃጥና አንድ ያልተፈረመበት ቅጽ አለ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሮዊና ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች። አብራው የምትኖረው አያቷ ክሊፎርድ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከብልቃጡ የወጣ ከረሜላ እየመጠጠ ተቀምጧል።]

ክሊፎርድ፦ ቄሱ ተሳስተው ነው የቆጠሩት!

ሮዊና፦ አባባ፣ ሁለት ጊዜ እኮ ነው የቆጠሩት።

ክሊፎርድ፦ እንግዲያው ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል።

ሮዊና፦ የቤተ ክርስቲያኑ ባዛር፣ የከረሜላ ቆጠራ ውድድሩ፣ ካለፈ አራት ቀን ሆነው። እባክህ ይቺን ፈርምልኝ፣ አውቶቡሱ...

ክሊፎርድ፦ እኔ በማስመሪያ ነው የለካሁት! ወገቡን ለካሁ፣ ቁመቱን ለካሁ፣ በፓይ አባዛሁ። ሒሳብ ነው የሠራሁት። አንቺ ምን አደረግሽ?

ሮዊና፦ የታችኛውን ረድፍ ቆጠርኩ፣ በረድፎቹ ብዛት አባዛሁ፣ መሀል ላለው አየር ደግሞ ትንሽ ቀነስኩ።

ክሊፎርድ፦ ትንሽ! ትንሽ የሚባል ቁጥር አለ?

ሮዊና፦ አራት መቶ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ፤ አራት መቶ ሰባ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ብልቃጡንም ሸለሙኝ። አንተ ስንት ነበር ያልከው?

ክሊፎርድ፦ [ከረሜላውን ወደ ሌላው ጉንጩ እያዞረ] የኔ ዘዴው ትክክል ነበር።

ሮዊና፦ አርባ አንድ ሺህ ነው ያልከው።

ክሊፎርድ፦ ዘዴው ትክክል ነበር!

ሮዊና፦ አርባ አንድ ሺህ ከረሜላ እኮ የመታጠቢያ ገንዳ ይሞላል!

ክሊፎርድ፦ ገንዳችንን ለክተሻል?

ሮዊና፦ አልለካሁም፣ ገመትኩ።

ክሊፎርድ፦ ይኸውልሽ! አሁን ደግሞ ይሄንኑ በኮሌጅ ልማረው ፈርምልኝ ትያለሽ።

[ሮዊና የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ዘጠኝ ይላል፤ ሰባት ደቂቃ ግን ይቀድማል። ሴት አያቷ ዶሪን ናት፣ ክሊፎርድ ሥራ እንዳያረፍድ ብላ ያስቀደመችው። ዶሪን ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሰዓቱን የነካው የለም።]

ሮዊና፦ እንደገና ልንገርህ። ዋናውን፣ የኤ ሌቭሉን ሒሳብ ትቼ አማራጩን ልውሰድ ነው የምልህ። ቅጹን እስከ አሥር ሰዓት ካላስገባሁ ዓመቱን ሙሉ መቀየር አይቻልም።

ክሊፎርድ፦ ምን ሆነሽ ነው የምትሸሺው?

ሮዊና፦ ከመቶ አሥራ አንድ አምጥቻለሁ።

ክሊፎርድ፦ አሥራ አንድ ጥሩ ጅምር ነው።

ሮዊና፦ ጅምሩ አሥራ አራት ነበር። ይሄ እድገቱ ነው።

ክሊፎርድ፦ እህ።

ሮዊና፦ እንዲህ ከቀጠልኩ በክረምት ያሰናብቱኛል። አዋላጅ መሆኔም እዚያው ይቀራል። አማራጩ ደግሞ መቶኛ ነው፣ ግራፍ ማንበብ ነው፣ ግምት ነው። የሚጠቅመኝ እሱ ነው።

ክሊፎርድ፦ አዋላጅ ትገምታለች? «እናቲቱ፣ በግምት አንድ ሕፃን ወልደሻል» ልትያት ነው?

ሮዊና፦ ሆዷን በእጇ ዳብሳ የሕፃኑን ክብደት ትገምታለች!

ክሊፎርድ፦ ሚዛን ግዢላት! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንድም ቀን በግምት አልነዳሁም።

ሮዊና፦ ፍሬን ከመያዝህ በፊት ወርደህ መንገዱን በሜትር ትለካው ነበር?

ክሊፎርድ፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ተሳፋሪው ምን ይለኛል?

ሮዊና፦ ታዲያ በምን ታውቀው ነበር?

ክሊፎርድ፦ በ... በዓይን።

ሮዊና፦ በዓይን ምን?

ክሊፎርድ፦ በዓይን ሒሳብ! [ይቆጣል] ከዚያ ከአማራጭሽ አንድ ጥያቄ አምጪ። ዓይኔን ጨፍኜ ባልሠራልሽ!

ሮዊና፦ እሺ። በሃሊፋክስ በቀን ስንት ኩባያ ሻይ ይጠጣል?

ክሊፎርድ፦ [ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይገልጣል] በማን ቤት?

ሮዊና፦ በሁሉም።

ክሊፎርድ፦ ጎረቤታችን ሚስስ ግሪንውድ ብቻዋን አሥራ አራት ትጠጣለች። እሷን አስገብተዋታል?

ሮዊና፦ ሁሉንም ነው ያልኩህ።

ክሊፎርድ፦ ሕፃናቱስ?

ሮዊና፦ ቀንሳቸው።

ክሊፎርድ፦ ስንት ልቀንስ?

ሮዊና፦ ገምት!

ክሊፎርድ፦ ወተቱን ከሻዩ በፊት የሚቀዱትስ?

ሮዊና፦ እነሱም የሚጠጡት ሻይ ነው።

ክሊፎርድ፦ እሱን አልቀበልም። እነሱን አውጥቼአለሁ። [በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል፣ ያባዛል፣ በከንፈሩ ያጉተመትማል] አርባ አንድ ሺህ።

ሮዊና፦ ከተማው ዘጠና ሺህ ሰው አለበት፣ አባባ። ግማሹን በውኃ ጥም ገደልከው።

ክሊፎርድ፦ [ብድግ ይላል] አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ላሳይሽ ነው መሰለኝ!

[ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ፍሬም ያወርዳል። ሮዊና ገና ጠረጴዛ ሥር ስትድህ ጀምሮ አንጋጣ ስታየው ያደገችው የምስክር ወረቀት ነው። የገና በዓል በመጣ ቁጥር ዶሪን መስተዋቱን በሽርጧ ጫፍ ትወለውለው ነበር፤ ክሊፎርድም በምሳው መሀል ያነበው ነበር።]

ክሊፎርድ፦ አንብቢ! «ክሊፎርድ ሰትክሊፍ። ሒሳብ። አንደኛ ደረጃ።» በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ የተሰጠኝ! እኔ ዋናውን ነው የወሰድኩት። በሰትክሊፍ ቤት አማራጭ የሚባል ነገር [ፍሬሙን በጡጫ ይመታል] ገብቶ [ይመታል] አያውቅም!

[በሦስተኛው ምት ያረጀው የጀርባ ፕላስተር ይላቀቃል። ወረቀቱና ዙሪያውን የከበበው ካርቶን ተንሸራተው ጠረጴዛው ላይ፣ ቅቤው አጠገብ፣ ይወድቃሉ። ሮዊና ቀድማ ታነሣቸዋለች።]

ሮዊና፦ አባባ... ከስምህ በላይ ሌላ ጽሑፍ አለ።

ክሊፎርድ፦ የለም። ሃምሳ ዓመት አይቼዋለሁ፣ የለም።

ሮዊና፦ ካርቶኑ ሸፍኖት ነው። [ታነባለች] «ለዋናው ፈተና ላልቀረቡ ተማሪዎች የተሰጠ አማራጭ ምስክር ወረቀት።»

[ክሊፎርድ ከረሜላውን ሳያስበው ይውጣል።]

ክሊፎርድ፦ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው።

ሮዊና፦ ያተሙትም ቄሱ ናቸው?

ክሊፎርድ፦ እስቲ አምጪው። [መነጽሩን ይፈልጋል፤ ግንባሩ ላይ ያገኘዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያነባል] ያን ጊዜ እኮ ለዋናው ጥቂቶቹን ነበር የሚመርጡት። እኛን ለአማራጩ ተዉን። ይገርምሻል፣ ረስቼው ነበር። ዋናው ነው፣ ዋናው ነው ስል እኔው ራሴ አመንኩት። አያትሽም ስነግራት ዝም ብላ ታዳምጠኝ ነበር።

ሮዊና፦ [ካርቶኑን ገልብጣ] እዚህ ጋ በእርሳስ የተጻፈ አለ። ፍሬም ለሚሠራው ሰውዬ ነው መሰለኝ። «ከላይ ሦስት ጣት ያህል ይሸፈንልኝ። እሱ እንዳይሰማ። ዶሪን።»

ክሊፎርድ፦ [ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ሳይነካ ከላይ ከላይ ይከተለዋል] የሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

[ሦስት ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያስተኛል። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ አንድም ፊደል አያመልጥም።]

ክሊፎርድ፦ ሦስት ጣት! ማስመሪያ እንኳ አልያዘችም እኮ።

ሮዊና፦ ገምታ ነው።

ክሊፎርድ፦ [አፍንጫውን ይጠርጋል] ልክ መጥቶላታል። [ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል] አምጪ እስክሪብቶ!

ሮዊና፦ መጀመሪያ አንብበው።

ክሊፎርድ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጽ ሞልቻለሁ። ቅጽ ይፈረማል እንጂ አይነበብም። [እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጭራው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ፊርማ ያኖራል] ይኸው! ሒጂ፣ አዋልጂ!

ሮዊና፦ [አይታ] አባባ፣ «ተማሪ» የሚለው ላይ ነው የፈረምከው።

ክሊፎርድ፦ ታዲያስ?

ሮዊና፦ ታዲያማ አማራጩን ሒሳብ የምትማረው አንተ ነህ።

ክሊፎርድ፦ [ሰዓቱን አይቶ ይደነግጣል] ወይ ጉድ! አበላሸሁት! አሥር ሰዓት እኮ ነው የሚዘጋው! ልጅቷን ከትምህርት አስባረርኳት! ዶሪን ብትሰማ...

[ሮዊና ከቦርሳዋ ሌላ ቅጽ ታወጣለች።]

ክሊፎርድ፦ ይሄ ከየት መጣ?

ሮዊና፦ አስተማሪዬ ሚስ ኢርሻድ ስንት ልስጥሽ ስትለኝ ሦስት አልኳት።

ክሊፎርድ፦ አንድ ፊርማ ለማስፈረም ሦስት?

ሮዊና፦ አንዱን ሳታነብ ትፈርምበታለህ ብዬ። አንዱ ላይ ደግሞ ሻይ ትደፋበታለህ ብዬ።

ክሊፎርድ፦ እኔ ነኝ ሻይ የምደፋው? እኔ? እንዲህ ያለ ስድብ በገዛ ቤቴ...

[እጁን ያወናጭፋል። ኩባያው ይገለበጣል። ሻዩ አዲሱን ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል። ሮዊና ሦስተኛውን ታወጣና ትክክለኛው መስመር ላይ ጣቷን ታስቀምጣለች። ክሊፎርድ ከጣቷ አጠገብ፣ በትንሹ፣ ይፈርማል።]

ክሊፎርድ፦ እንዴት አወቅሽ?

ሮዊና፦ አላወቅኩም፣ ገመትኩ። [ጉንጩን ስማ፣ ከብልቃጡ አንድ ከረሜላ አንሥታ ወደ በሩ ትሮጣለች]

[ክሊፎርድ ብቻውን ይቀራል። የምስክር ወረቀቱን ወደ ፍሬሙ ይመልሳል፤ ካርቶኑን ግን ቦታው አይመልሰውም፣ ደረት ኪሱ ይከተዋል። ከዚያ የመጀመሪያውን ቅጽ፣ ያን «ተማሪ» የሚለው ላይ የፈረመበትን፣ አንሥቶ ለአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ብድግ ብሎ መስኮቱን ይከፍታል።]

ክሊፎርድ፦ ሮዊና! ኧረ ሮዊና! ይሄ ክፍል ሽማግሌ ያስገባል?

ሮዊና፦ [ከመንገዱ፣ እየሮጠች] አውቶቡሱ መጣ፣ አባባ!

ክሊፎርድ፦ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?

ሮዊና፦ [ከሩቅ] ገምት!