አዲስ ዝርያ ከዊትኒ ጓሮ

ወላጅ ልጁን «ዶክተር ሁኚልኝ» ብሎ ሲመርቅ የምን ዶክተር እንደሆነ አብሮ መናገር አለበት። እኔ አልተናገርኩም። ይኸውና ልጄ ሐና ዶክተር ሆነች፤ የእንሽላሊት። ሐኪም እንዳትመስላችሁ፤ እንሽላሊቶቹ ጤነኞች ናቸው። የእሷ ሥራ ኢኳዶር ደን ውስጥ እየዞረች እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበውን ዝርያ መፈለግ ነው።

«አዲስ ዝርያ» የሚሉት ነገር መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። የእንሽላሊቷ አያት ቅድመ አያት እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ተወልደው አርጅተዋል፤ ለሰፈሩ አዲሷስ ሐና ነች። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ሐና ከእንሽላሊቷ ጣት ሥር ያለውን ቅርፊት በአጉሊ መነጽር ትቆጥራለች፤ የጉሮሮዋን ቀለም ትመዘግባለች፤ በየሙዚየሙ በጠርሙስ ከተቀመጡት ዘመዶቿ ጋር ታስተያያለች። ከሁሉም የተለየች መሆኗ እስኪረጋገጥ ዓመታት ያልፋሉ። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌዎቻችን እንኳ እንዲህ አያደርቁም!

እኔን የቸገረኝ አለመምጣቷ ነው። ለፋሲካ ስንጠብቃት ዝናቡ አባራ፣ እንሽላሊቶቹ ወጡ ትላለች፤ ለገና ስንጠብቃት ዝናቡ ጀመረ፣ ሊጋቡ ነው ትላለች። እዚህ ቬጋስ፣ ዊትኒ ሰፈር፣ እኔና እናቷ አልማዝ ከካዚኖ የሥራ ሺፍታችን ተመልሰን ስልክ ላይ እናፈጣለን። ናፈቀችኝ፤ በጣም ናፈቀችኝ። አንዳንዴ በክፍሏ ሳልፍ በሩን አንኳኳለሁ። ባዶ ክፍል የሚያንኳኳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ አሰብኩ፤ ለአባቷ ያልመጣች ለእንሽላሊት ትመጣለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንሽላሊት እፈራለሁ፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አጥሬ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ ለሐና መላክ ጀመርኩ። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ የሆነ ነገር አስቀምጥ ስላለችኝ፣ በቀኜ ስልኩን ይዤ ቀለበት ያለበትን የግራ ጣቴን አስጠጋለሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ «አባዬ፣ ይቺ እኮ ኮመን ናት፤ ቬጋስ ሙሉ አለች።» ስንቱ አጥር ላይ ተንጠላጠልኩ፣ ስንቱ ጎረቤት ታዘበኝ፤ ሁሉም ኮመን።

በቅርቡ አልማዝ ዳቦ የምትጋግርበት ኮባ ብታጣ፣ የሙዝ ቅጠልም ያው ነው ብላ ከአትክልት መሸጫ አንድ ትልቅ የሙዝ ተክል ይዛ ገባች። ቅጠሉን ልትቆርጥ ስትል ጮኸች። ሮጥኩ። አንዲት አረንጓዴ እንሽላሊት ቅጠሉ ሥር ተለጥፋ፣ የጉሮሮዋን ቆዳ እንደ ቀይ መሀረብ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ይቺስ የዚህ በረሃ ልጅ አይደለችም አልኩ። ዳቦው ይቅር፣ ቅጠል እንዳትነኪ ብዬ አልማዝን ከለከልኩና ፎቶዋን ላክሁ፤ ከነጣቴ።

መልሱ ዘገየ። ከዚያ ራሷ ደወለች። «አባዬ፣ እንዳትለቃት። ቲኬት ቼክ እያደረግሁ ነው፤ እመጣለሁ።»

መጣች! እናቷን አቅፋ ስትጨርስ እኔን ከዚያ አስረዝማ አቀፈችኝ። እንደ ሙሽራ ደብቄ ያቆየኋትን እንሽላሊት በመስታወት ሣጥን አቀረብኩላት። አየት አደረገቻትና፣ ከፍሎሪዳ ከተክሉ ጋር የመጣች መሆኗን፣ እዚያ በየአጥሩ መኖሯን ነገረችኝ። በዚያ ላይ ወንድ ነው አለች። ክው አልኩ። ይህን ለማወቅ ይህን ሁሉ መንገድ? ከፎቶው አታውቂም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ከፎቶው ማወቋን አልደበቀችም። ስልኳን አውጥታ የላክኋቸውን ሁሉ በተራ አሳየችኝ። መጀመሪያዎቹ ላይ ቀለበቴ ጣቴን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። እየቆየ ላላ። የመጨረሻው ላይ እንዳይወድቅብኝ ክር ጠምጥሜበታለሁ። «ከስተሃል አባዬ» አለችኝ፤ «እኔ እንሽላሊቷን አይደለም ያየሁት።» አልማዝ እጄን ይዛ ቀለበቱን አሽከረከረችው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ጎትታ ወሰደችኝ። ደሜ ተመረመረ። ስኳር ነው አሉ። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ፤ እንዳልፈራ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ እጅግ የተለመደ በሽታ እንደሆነ አስረዳኝ። ሐና በእፎይታ ተነፈሰችና የመመለሻ ቲኬቷን ማየት ጀመረች።

እኔ ግን ከፋኝ። አሁን አንድ ጊዜ እንኳ ያልተመዘገበ ዝርያ ቢገኝብኝ ምን ነበረበት? ልጄ ለጥናት ትቀመጥልኝ ነበር።